የአባቴን መርዶ 43 ዓመት ጠበቅን

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ገበያ ዳር፣ በአንዲት ሲንጀር የገበሬውን ሱሪና የሙሽራውን ኮት ይሰፋ ነበር። በ1969 «የእናት ሀገር ጥሪ» ሲመጣ ሚሊሺያ ሆኖ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ። ያኔ እኔ 4 ዓመቴ ነው። ሐምሌ ላይ የሶማሊያው የዚያድ ባሬ ጦር ወረረን። የአባቴም ጦር ወደ ሐረርጌ ወረደ። ከዚያ በኋላ አላየነውም።

ይህን የምጽፈው ሐዘኔን ላወራ ብቻ አይደለም። በቅርብ ዓመታት ጦርነት ልጁ ወይም ወንድሙ የት እንደወደቀ ሳያውቅ፣ ለቅሶም ሳይቀመጥ፣ ስልክ እየጠበቀ የሚኖር ብዙ ሰው አውቃለሁ። እኛ ቤት 43 ዓመት የፈጀው ነገር በአንድ ሁለት ዓመት ሊያልቅ ይችል ነበር። የት የት እንዳበላሸሁ አሁን አውቀዋለሁ። እናንተ እንዳትደግሙት ነው።

በ1971 እናቴ ቀበሌ ተጠራች። አንዲት ወረቀት ሰጧት። «ለእናት ሀገሩ ሲል ተሰውቷል» ትላለች። ቀን የለም፣ ቦታ የለም፣ የክፍሉ ስም የለም። እናቴ ማንበብ አትችልም። ሲያነቡላት ሰምታ ወረቀቷን አጣጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችና ወደ ቤት መጣች። ጎረቤት ለቅሶ ሊደርስ ሲሰበሰብ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። «ሬሳውን ያየ አለ?» ማንም አላየም። «እንግዲያው አልሞተም» አለች። ድንኳን ሳይጣል፣ ፍትሐት ሳይደረግ ቀረ።

ትንሽ ቆይቶ የተሰዉ ወታደሮችን ልጆች አላጌ ወዳለው ሕፃናት አምባ መሰብሰብ ተጀመረ። ኩባ ሄደው የተማሩም አሉ። እኔም ተመዝግቤ ነበር። እናቴ ሄዳ ስሜን አሰረዘች። «አንቺን ከሰጠሁ መሞቱን አመንኩ ማለት ነው» አለችኝ።

ተስፋዋ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ሶማሊያ ውስጥ ብዙ ምርኮኛ እንዳለ ይወራ ነበር፤ ወሬውም እውነት ነበር። ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው በ1980 ክረምት ምርኮኛ ሲለዋወጡ፣ ከ10 ዓመት በኋላ አገራቸው የገቡ ወታደሮች ነበሩ። እናቴ ይህን በሬዲዮ ሰማች። ፎቶውን በነጠላ ጠቅልላ አዲስ አበባ ሄደች። ሁለት ሳምንት ቆየች። ስትመለስ ፎቶውን ከነበረበት ምስማር ላይ መልሳ ሰቀለችው፤ ስለ መንገዷ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር።

በ1983 ግንቦት መንግሥት ሲለወጥ 18 ዓመቴ ነበር። የደርግ ወታደር ቤት ይፈተሻል የሚል ወሬ አገሩን ሞላው። እናቴ ገበያ ወጥታለች። እኔ ደነገጥኩ። ዩኒፎርም ለብሶ የተነሳውን ፎቶ፣ ከታጠቅና ከሐረር የጻፋቸውን ሁለት ደብዳቤዎች፣ ያቺንም የቀበሌ ወረቀት ሰብስቤ ምድጃ ውስጥ ጨመርኳቸው። ደብዳቤዎቹ ከእናቴ ሣጥን ስለማይወጡ አንብቤያቸው አላውቅም ነበር። አንደኛው ፖስታ መጠቅለል ሲጀምር ጥጉ ላይ ቁጥር ተጽፎ አየሁ። ዛሬ ሳስበው የክፍሉ አድራሻ ነው። ከጦርነቱ በፊት በሲቪል ልብስ የተነሳው አንድ ፎቶ ብቻ ተረፈ።

እናቴ መጥታ አመዱን አየች። አልተቆጣችኝም። አመዱን ለብቻ በሰፌድ ሰብስባ ጓሮ ወጣችና ጉድጓድ ምሳ ቀበረችው። ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ ቤታችንን ሊፈትሽ የመጣ ሰው የለም።

እባካችሁ፣ የወታደር ወረቀት አትጣሉ። ፖስታውንም ጭምር። ለቤተሰብ ቁም ነገሩ ደብዳቤው ነው፤ ለሚፈልግ ሰው ግን ፖስታው ላይ ያለው ቁጥር ይበልጣል። ዛሬ በስልክ አንስቶ ለሦስት ለአራት ዘመድ መላክ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ፎቶው ጀርባ ላይ ደግሞ ሙሉ ስሙን እስከ አያቱ፣ የተነሳበትን ዓመትና ቦታውን ጻፉበት። እናንተ ስለምታውቁት ልጆቻችሁም የሚያውቁት አይምሰላችሁ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የዝምታ ናቸው። «የደርግ ወታደር» መባል ስድብ ነበር። ትምህርት ቤት አባትሽ ምን ሆነ ስባል «ታሞ ሞተ» እል ነበር። አዲስ አበባ ገባሁ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ወለድኩ። 14 ዓመት ሙሉ በታክሲ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ባለው ረጅም ሐውልት ስር ተመላለስኩ። ጫፉ ላይ ኮከብ ያለበት፣ ሰሜን ኮሪያዎች የሠሩት፣ በ1977 የተመረቀው ነው። ሰው «የደርግ ሐውልት» ይለዋል። ስሙ ትግላችን እንደሆነ፣ የቆመውም በሶማሊያው ጦርነት ለወደቁ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ወታደሮች እንደሆነ አላውቅም ነበር። አንድም ቀን ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። የአባቴን ሐውልት እያየሁ ነበር የማልፈው።

በ2010 እናቴ በጠና ታመመች። አንድ ሌሊት ሳስታምማት «አባትሽን ሳልቀብረው ልሞት ነው» አለችኝ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እሱ «መቅበር» የሚል ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰማሁ። በማግስቱ ፍለጋ ጀመርኩ።

የጀመርኩት ግን ከተሳሳተ ቦታ ነው። ፋይል ፍለጋ ወጣሁ። ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው፣ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ተንከራተትኩ። ያልገባኝ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ የምጠይቀው በቤት ስሙ ነበር። አባቴ የሚጠራበት ስምና ሲመዘገብ የሰጠው ስም የተለያየ መሆኑን ያወቅኩት ከስምንት ወር በኋላ፣ ከአንዲት አክስቴ ነው። ሁለተኛ፣ «ካራማራ ላይ የሞተ» እያልኩ ነበር የምጠይቀው። ማንም አልነገረኝም፤ ብቻ በዚያ ጦርነት የሞተ ሰው ሁሉ ካራማራ ላይ የሞተ ይመስለኝ ነበር። በዚህ መሐል አንድ ደላላ «ፋይሉን ከነጡረታው አወጣልሻለሁ» ብሎ 8 ሺህ ብር ተቀብሎኝ ስልኩን ዘጋ። ፋይል አገኛለሁ ብሎ አስቀድሞ ብር ለሚጠይቅ ሰው ሳንቲም እንዳትሰጡ።

ከሁሉ የማዝንበት ግን ሌላ ነው። በሰው በሰው የአንድ የቀድሞ ወታደር ስልክ አገኘሁ። ደወልኩላቸው። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ «ሰዎች እንዴት ነበር የሚሞቱት? አስከሬንስ የት ይቀበር ነበር?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ እኔ ይህን ነገር ለልጆቼም አውርቼ አላውቅ» ብለው ዘጉት። ደግሜ ስደውል አላነሱም። ጥፋቱ የኔ ነው። 40 ዓመት የተዳፈነ ነገር በአንድ ጥያቄ አይነካም።

መንገዱ የተከፈተልኝ የካቲት 26 ቀን 2012 ነው። መስከረም 1970 በሶማሊያ ጦር እጅ የወደቀችው ጅጅጋ፣ የካራማራ ተራራ ተሰብሮ ነፃ የወጣችው በ1970 በዚሁ ዕለት ነው። ቀኑ በየዓመቱ ትግላችን ሐውልት ስር ይታሰባል። አርበኞች፣ ኩባ የተማሩ ልጆች፣ የኩባ ኤምባሲ ሰዎች ይመጣሉ፤ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነግሮኝ ሄድኩ።

እዚያ የኩባ ወታደሮች ፎቶ አለ። አንድ በአንድ፣ ከነፊታቸው። አብዛኞቹ ገና ልጆች ናቸው። ኩባ በ1982 በአፍሪካ የወደቁ ልጆቿን አጽም ወስዳ፣ በአንድ ቀን በየትውልድ ከተማቸው ቀብራቸዋለች። ይህን እዚያው ሲያወሩ ሰማሁ። ቀናሁ፤ እውነቱን ነው የምነግራችሁ። ከባሕር ማዶ የመጣው ልጅ እናቱ መቃብር አላት። መንዝ ያለችው እናቴ ግን የላትም።

ደረጃው ላይ ሜዳይ የደረደሩ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያለፈውን ስህተት አልደገምኩም። «ጋሼ፣ ከየት ነው የዘመቱት?» አልኳቸው። «ከሰላሌ» አሉ። «ታጠቅ ምን ትበሉ ነበር?» አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ወሬው በራሱ መጣ። ስለ ሽሮው፣ ስለ ድንኳኑ ብርድ፣ ልካቸው ስላልሆነ ጫማ ነገሩኝ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ የአባቴን የመዝገብ ስም ነገርኳቸው። አላወቁትም። «መንዜ ነበር» አልኩ። «መንዜማ ስንቱ ነበር» አሉ።

ልነሳ ስል እንዲያው «ልብስ ሰፊ ነበር» አልኳቸው።

እጄን ያዙኝ። «ሰፊው? መርፌ ኮፍያው ላይ የሚሰካው?» ኮፍያቸውን አወለቁ። ገለበጡትና የውስጥ ጠርዙን አሳዩኝ። «እዚህ ጋ፣ ክሩን በመርፌው ላይ እንዲህ ይጠመጥመዋል። የጋንታው ቁልፍ የተበጠሰበት፣ ሱሪው የተቀደደበት ሁሉ እሱ ዘንድ ነው። ስሙን ማን ያውቃል ልጄ! ሰፊው ነው የምንለው።»

ወታደር በመዝገብ ስሙ አይታወስም። እናንተም ስትጠይቁ ስሙን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ሥራው ምን ነበር? ግራኝ ነው? ይዘፍናል? ፊቱ ላይ ጠባሳ አለው? ምን ይወድ ነበር? ይህን ከእናቶቻችሁና ከአክስቶቻችሁ ሰብስባችሁ በአንድ ወረቀት ጻፉት። እኔን ከ40 ዓመት መጠበቅ ያወጣኝ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሳይሆን አንዲት መርፌ ናት።

ጋሼ የሚያውቁትን ነገሩኝ። አባቴ ካራማራን አላየም። ጥር 1970 የሶማሊያ ጦር ሐረርን ለመያዝ በፈዲስ በኩል ሲመጣ እነሱ እዚያ ምሽግ ላይ ነበሩ። ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን ወደቀ። ጋሼ በዚያ ሰዓት ትንሽ ራቅ ብለው ነበር። አጠገቡ የነበረው ሌላ ጓዳቸው ነው፤ ሐረር ይኖራል አሉኝ። ስልኩንም ሰጡኝ።

እዚህ ላይ እንደገና ተሳሳትኩ። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይወራም፣ በአካል ሄጄ እጃቸውን ስሜ እሰማለሁ አልኩ። በሳምንቱ ኮሮና አገር ውስጥ ገባ። መንገዱ ይከፈት፣ ክረምቱ ይውጣ እያልኩ ቆየሁ። መስከረም ላይ ስደውል ልጃቸው አነሳች። ሐምሌ ላይ አርፈዋል። የአባቴን የመጨረሻ ሰዓት ያየው ሰው አምስት ወር ሙሉ ስልኬ ውስጥ ነበር። አልደወልኩም።

ስለዚህ ዛሬ ደውሉ። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ በስልካችሁ ቅዱት። ባይፈቅዱ እንኳ ያንኑ ማታ በራሳቸው አነጋገር ጻፉት። በማግስቱ ግማሹ ከጭንቅላታችሁ ይጠፋል።

ጥቅምት 2013 ጋሼን ይዤ መሐል ሜዳ ሄድኩ። እናቴ አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። የሰማሁትን አልነገርኳትም ነበር። ከሳቸው አፍ እንድትሰማ ፈልጌ ነው። ጋሼ ስለ መርፌው አጫወቷት። እናቴ ፊቷ አልተለወጠም። ብዙ ጊዜ ተታላለች፤ ሶማሊያ አየሁት ብሎ እህል ተቀብሏት የሄደ ሰው ነበር።

«ወንድሜ፣ መርፌውን በየት በኩል ነበር የሚሰካው?» አለቻቸው።

ጋሼ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ እጃቸውን አነሱ። ትንሽ አሰቡ። ከግራ ጆሯቸው በላይ ያለውን ቦታ በጣታቸው ነኩ። «እዚህ። በግራ።»

እናቴ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። የዚያን ቀን ለቅሶ ልገልጸው አልችልም። 43 ዓመት የተጠራቀመ ነው። ጎረቤት ሰው ዛሬ የሞተ መስሎት እየሮጠ መጣ። እውነትም ለእኛ ዛሬ ነበር የሞተው።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ሄደ። የንስሐ አባታችንን «ያለ አስከሬን ይሆናል ወይ?» ስላቸው «የክርስትና ስሙን አምጪ፤ ሌላው የእግዚአብሔር ነው» አሉኝ። የክርስትና ስሙን የሚያውቅ ሰው ማግኘትም ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። አንዲት የ90 ዓመት አሮጊት አስታወሱልን። ይህንንም ሳይረሳ ጻፉት። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም እንዲሁ ሩቅ ቀርቶባቸው ለነበረ ልጃቸው ዱዓና ሰደቃ አድርገዋል። እምነታችሁ የሚላችሁን ጠይቁና አድርጉ። አስከሬን እስኪገኝ ብላችሁ አትጠብቁ። መሬቱ የሰጠ እንደሆነ ያኔ እንደገና ይቀበራል።

ታኅሣሥ ላይ ከጋሼ ጋር ፈዲስ ሄድን። ከሐረር ወደ ደቡብ ነው። ምሽግ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ያገኘሁት የማሽላ አገዳና የጫት ማሳ ነው። ጋሼ ኮረብታውን እያዩ ብዙ ቆሙ። «ዛፉ ጠፍቷል እንጂ እዚሁ ነው» አሉ። የማሳው ባለቤት የሆኑ አንድ የኦሮሞ ሽማግሌ መጡ። የመጣንበትን ስንነግራቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እዚህ ከሁለቱም ወገን ወድቋል» አሉን። ያን ስሰማ ሐርጌሳ ወይም ሞቃዲሾ አንዲት እንደ እናቴ ያለች ሴት ትኖራለች ብዬ አሰብኩ። እሷም እንደኛው የት እንደሆነ ሳታውቅ። አፈሩን በመሐረብ ቋጠርኩ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አንድ እፍኝ ጨመሩልኝ።

ተዝካሩን ጥር 14 ቀን 2013 አወጣን። በዚያን ጊዜ ሰሜን ላይ ጦርነት ተነስቶ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጡት እናቶች ስንቷ በልቧ የራሷን ልጅ እያሰበች ነበር።

ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። «ጠላትን ያርበደበደ፣ ታንክ ያቃጠለ ጀግና» የሚል። ከየት አመጣሁት? ከየትም። እንዲህ ካልተባለ ክብሩ የሚጎድል መስሎኝ ነው። ቀድሜ ለጋሼ አነበብኩላቸው። እስኪያልቅ ጠበቁኝና «ታንክ አላቃጠለም ልጄ» አሉኝ። «የጓዶቹን ልብስ ሰፋ። ምሽጉን ለቆ አልሄደም። ይህን በይላቸው፤ ይበቃዋል።» ወረቀቱን ቀደድኩት። ጋሼ ራሳቸው ተነስተው ተናገሩ። ስለ ብርዱ፣ ስለ ጫማው፣ ስለ መርፌው። ሰው ሁሉ ሳቀም አለቀሰም። ልጆቼ አያታቸውን ያን ቀን አወቁት። የሞተውን ሰው ስታነሱ የሌለውን አትጨምሩለት። አብሮት የነበረ ሰው ካለ እሱ ይናገር።

አሁን በየዓመቱ ጥር 14 ቤታችን ጠበል ጠዲቅ አለ። የካቲት 26 ደግሞ ትግላችን ስር ፎቶውን ይዤ እቆማለሁ። ፎቶ መያዝ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው ቀርቦ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» ሊል ይችላል። ባይልም ከጎናችሁ የቆመችው ልጅ የራሷን አባት ፎቶ በሚቀጥለው ዓመት ይዛ ትመጣለች። አይቻለሁ።

እናቴ በ2015 አረፈች። ያ በመሐረብ የቋጠርኩት አፈር ከእሷ ጋር ገባ። ለድንጋዩ ስም ሳጽፍ የሁለቱንም አስጻፍኩ። ከላይ የእሱ፣ ከስር የእሷ። ከእሱ ስም ጎን «ጥር 14 ቀን 1970፣ ፈዲስ» ይላል። ድንጋይ ጠራቢው ወታደር መሆኑን ሲሰማ «ማዕረጉን ምን ልበለው?» አለኝ።

«ሰፊው ብለህ ጻፍ» አልኩት።